ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ የሶኬት ማከፋፈያና የሚሞላ የእጅ ባትሪ ለምትገዙ

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ጥቁር ፌስታል አንጠልጥለው ሱቄ መጡ። ጠረጴዛው ላይ ገለበጡት። አራት የሚሞሉ የእጅ ባትሪዎች ናቸው። ሁለቱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ደግሞ ሬዲዮ ያለው። «ልጄ፣ ከእነዚህ አንዱን እንኳ አብራልኝ» አሉኝ። አራቱም የተገዙት በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ ነው። አንዱ ሲሞት ሌላ፣ እሱም ሲሞት ሌላ።

እኔ ሀዋሳ ውስጥ ገበያው አጠገብ ባለች ጠባብ ክፍል የኤሌክትሪክ ዕቃ እጠግናለሁ። 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰኞና ሐሙስ ገበያ ሲቆም በሬ ላይ ሰው ይበዛል። ታዲያ ብዙውን «ይቅርብዎ፣ ይሄ አይሠራም» ብዬ እመልሳለሁ። እንዲህ ማለት ሁሌም ይከብደኛል። ሰው ለዕቃው የከፈለው ላቡን ነው።

ቀዩን ልከፍተው ሞከርኩ። ብሎን የለውም። ፕላስቲኩ በሙጫ ተጣብቆ ነው የመጣው። በካቻቢቴ ጫፍ ፈልቅቄ ስከፍተው አንድ ጎኑ ተሰበረ። ውስጡ የክብሪት ቀፎ የምታክል ባለ 4 ቮልት የእርሳስ ባትሪ አለች። ጎኗ አብጧል። አጠገቧ አንድ ካፓሲተር፣ አራት ዳዮድና ሁለት ሬዚስተር ትንሽ ሰሌዳ ላይ ተበይደዋል። ቻርጀሩ ይኸው ነው። የግድግዳውን መብራት የሚያሳንሰውና የሚለየው ትራንስፎርመር የለውም። ስለዚህ ሶኬት ላይ ሲሰካ የግድግዳው 220 ቮልት ከውስጥ ሽቦው ጋር ያለ ከለላ ይገናኛል። እየሞላ ሳለ ሽፋኑ በተሰነጠቀበት በኩል ልጅ ጣቱን ቢያስገባ ይነዝረዋል።

ባትሪዋ ለምን እንደሞተችም ግልጽ ነው። የእርሳስ ባትሪ ባዶውን መቀመጥ አይወድም። ባዶውን ሲከርም ሳህኖቹ ላይ ነጭ ጠጣር ነገር ይጋገርና ከዚያ በኋላ አልሞላም ይላል። እኚህ እናት ደግሞ ባትሪውን የሚያወጡት መብራት ሲጠፋ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ መሳቢያ ይመለሳል። ሁለት ሦስት ወር ይተኛል። ይሄን ማንም አልነገራቸውም። ካርቶኑ ላይም አልተጻፈም።

በማግስቱ ቤታቸው ሶኬት ልቀይር ሄድኩ። ማድ ቤት ስገባ ምጣዳቸውን አየሁት። 11 ዓመቱ ነው። ሽቦው ሁለት ጊዜ ተቀይሮለታል። ሸክላው አንድ ጊዜ ተሰንጥቆ በሌላ ተተክቷል። አንድ እግሩ እንደገና ተበይዷል። ያን ዕለት ጠዋትም እንጀራ ተጋግሮበት ነበር። ለአራቱ ባትሪዎች የወጣው ገንዘብ ቢደመር ለዚህ ምጣድ አንድ ትርፍ ሽቦና አንድ ትርፍ ሸክላ ይገዛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕቃ ልገዛ ስል መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው። ሲበላሽ ማን ይከፍተዋል? በእግሬ ወይም በባጃጅ የምደርስበት ሰው ካለ እገዛለሁ። ከሌለ ዋጋው ቢረክስም እተወዋለሁ። «የሀገር ውስጥ ዕቃ ግዙ» የምለውም በዚህ ምክንያት ነው። ሠሪው አጠገባችን ነው። ሽቦውን የጠመዘዘው ልጅ ነገም እዚያው ወርክሾፕ ውስጥ ይገኛል።

እዚህ መሠራቱ ብቻውን አይበቃም ታዲያ። ሐምሌ 2008 የተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርካችን የሚሰፋው ልብስ አብዛኛው ወደ ውጭ ነው የሚላከው፣ የእኛ ገበያ ላይ አታገኙትም። ክፉ ምጣድም አለ፤ የነዘራቸውን ሰዎች አውቃለሁ። እንግዲህ አገዛዙን ላሳያችሁ፤ ከምጣዱ ልጀምር።

ምጣድ ከሠሪው ቤት ይገዛል

አሠራሩን ማወቅ ለመግዛት ይረዳል። ክቡ ሸክላ ከሥሩ ጥምዝምዝ ቦይ ይወጣለታል። ቦዩ ውስጥ እኛ ሬዚስታንስ የምንለው የተጠማዘዘ የኒክሮም ሽቦ ይነጠፋል። በላዩ ጀሶ ይለሰንበታል። ከዚያ በላሜራ አቃፊ ውስጥ ይቀመጣል፣ የቱቦላሬ እግር ይበየድለታል፣ ክዳን ይገጠምለታል። በቃ። ሽቦው ቢበጠስ ጀሶው ተፈልፍሎ ይቀየራል። ሸክላው ቢሰነጠቅ ሸክላ ብቻ ይገዛል። አንዱ ሞተ ተብሎ ሌላው አይጣልም።

ሱቅ ውስጥ ከተደረደረው ይልቅ ሠሪው ቤት ሂዱ። ጠዋት ብትሄዱ ሲገጣጥሙ ትደርሳላችሁ። «ገና ያልታሸገ፣ ሽቦው የሚታይ አሳዩኝ» በሉ። ጥሩ ሠሪ ይህን ስትጠይቁት ደስ ይለዋል። የማያሳይ ቤት አትቆዩ።

መጀመሪያ ሸክላውን እዩ። በጣታችሁ አንጓ ኳ ኳ አድርጉት። ደህናው ጥርት ያለ ድምፅ አለው። የተሰነጠቀው ድምፁ የታፈነ ነው። ከዚያ እርጥብ ጨርቅ አሳልፉበት። ሌላው ቦታ ቶሎ ይደርቃል። ስንጥቅ ካለ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ሆኖ ጥቂት ይቆያል። ይህን ያስተማሩኝ ገበያ ላይ ሸክላ የሚሸጡ እናቶች ናቸው።

ቀጥሎ ሽቦው። በመስመሮቹ መካከል ያለው ክፍተት እኩል መሆን አለበት። አንዱ ጋ ተጠጋግቶ ሌላው ጋ ከተራራቀ እንጀራው አንድ ጎኑ አሮ ሌላው ጥሬ ይወጣል። ሽቦው አንድ ወጥ ይሁን። የተቀጠለ ሽቦ ሲበጠስ የሚበጠሰው ቅጥሉ ላይ ነው።

መለኪያ ሜትር ያለው ሰው ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ እሰየው። ሁለቱን የሽቦ ጫፎች ያስለኩ። አብዛኛው የቤት ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። በ220 ቮልት ሲሰላ ከ16 እስከ 12 ኦም ገደማ መሆን አለበት፤ ኦም ሽቦው መብራቱን ምን ያህል እንደሚገታ የሚለካበት ነው። 25 ኦም ካሳየ ምጣዱ 2,000 ዋት እንኳ አይሞላም፤ ሊጥ ሲፈስበት ይቀዘቅዛል፣ እናንተም እዚያው ቆማችሁ ትውላላችሁ። 8 ኦም ካሳየ ደግሞ 6,000 ዋት ነው፤ የቤታችሁን መስመር ያቃጥላል። ከዚያ አንዱን ጫፍ ከላሜራው ጋር ያስለኩ። እዚህ ላይ ሜትሩ ግንኙነት የለም ማለት አለበት። ካለ ሽቦው አካሉን ነክቷል ማለት ነው። አትውሰዱት።

ሬዚስታንሱ ከገመዱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ ትንሽ ልቆይ። ወደ እኔ የሚመጡት ምጣዶች አብዛኞቹ የተበላሹት እዚያ ነው። ቦታው በጣም ይግላል። በፕላስቲክ ቴፕ ተጠቅልሎ ካያችሁት ወር ሳይሞላው ይቀልጣል። በብሎን የሚጠብቅ የሸክላ ማያያዣ ይኑረው። ወደ እሱ የሚመጣው ገመድም ሙቀት በሚችል ነጭ እጅጌ ይሸፈን። ለዚህ ጥቂት ብር ቢጨመርባችሁ ጨምሩ።

እና ቢጫና አረንጓዴ የሆነው ገመድ። እሱ የመሬት መስመር ነው። ላሜራው ላይ በብሎን መታሰር አለበት። ብዙ ሠሪ ይተወዋል። ለምን ስትሉት «ሰው አይጠይቅም» ይላችኋል። ጠይቁ! እርጥብ ወለል ላይ ባዶ እግሯን ቆማ የምትጋግር ሰው ነፍሷን የሚያተርፈው ያ ገመድ ነው። ቤታችሁ የመሬት መስመር ከሌለው ግን ምጣዱ ላይ መታሰሩ ብቻውን አያድንም። ኤሌክትሪሻን ጠርታችሁ አስመልከቱ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

የመጨረሻው ፈተና መጋገር ነው። ይህን ከእናቴ ነው የተማርኩት። ምጣድ ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። ባለ ሁለት ሊትር ጀሪካን በነጠላዋ ሸፍና ይዛለች። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ሠሪው «ይሄኛው ምርጥ ነው፣ እማማ» ሲላት «ይሰካ» አለችው። ሰካው። ጀሪካኑን ከፈተችው። አብሲት የገባበት ሊጥ ነው። ከቦርሳዋ የጎመን ዘርና ማሰሻ ጨርቅ ወጣ። ልጆቹ ብየዳቸውን አቁመው ከበቧት። አሰሰችው። ጠበቀች። እጇን በላዩ አንዣባ ሙቀቱን ለካችው። ከዳር ጀምራ እያዞረች አፈሰሰች።

ከፍታ ስታየው አብዛኛው ዓይን አውጥቷል። በግድግዳው በኩል ያለው ጎን ግን ድፍን ሆኖ ቀረ። ምጣዱ አዲስ ስለሆነ ጥቂት ተጣብቋል፤ እሱን አልቆጠረችበትም። ድፍኑ ላይ ጣቷን ቀስራ «እዚህ ጋ ሽቦህ ተራርቋል፣ ልጄ» አለችው። ጀሶውን ፈልፍሎ ሲያየው እውነቷን ነው። አስተካክሎ በሦስተኛው ቀን ሰጣት። ያን ምጣድ ዛሬም ትጋግርበታለች። ይህን ያህል መነጋገር የቻለችው ሠሪው ፊት ለፊቷ ስለቆመ ነው። ካርቶን ውስጥ ታሽጎ ለመጣ ዕቃ «ሽቦህ ተራርቋል» የሚባለው ለማን ነው?

ዋጋ ስትከራከሩ አንድ ነገር አስቡ። ሠሪውን እስከ መጨረሻው ከጨመቃችሁት የሚቀንሰው ከሽቦው ውፍረትና ከላሜራው ነው። ዋጋውን ከምትሰብሩ ይልቅ ዕቃውን አስጨምሩ። የሸክላ ማያያዣ ይሁንልኝ፣ የመሬት መስመር ይሁንልኝ፣ ስልክህን ላሜራው ሥር በቀለም ጻፍልኝ በሉት። ስልኩን የጻፈ ሠሪ ሲጠሩት ይመጣል።

ቤት ስትወስዱት ቀስ ብላችሁ አሟሹት። ጀሶው ውስጥ እርጥበት አለ። መጀመሪያ ለጥቂት ደቂቃ ሰክታችሁ ንቀሉት፣ ይቀዝቅዝ፣ ደግማችሁ ስኩት። እንዲህ ሁለት ሦስት ጊዜ ካደረጋችሁ በኋላ በጎመን ዘር በደንብ እሹት። በመጀመሪያው ቀን አፍልታችሁ ሙሉ ቡኮ ልትጨርሱበት ብትሞክሩ ሸክላው ሊሰነጠቅ ይችላል።

አሁን አሁን ከውጭ የሚገባ፣ የማያጣብቅ ቅብ ያለው ክብ መጥበሻ ለእንጀራ ተብሎ ይሸጣል። ቀላል ነው፣ ያምራል፣ ቶሎ ይግላል። ለአነባበሮና ለቂጣ አልጠላውም። ነገር ግን ማሞቂያው አሉሚኒየሙ ውስጥ ተቀብሮ ነው የሚመጣው። ሲቃጠል የሚከፈት ነገር የለውም። ሦስት መጥተውልኝ ሦስቱንም መልሻለሁ። ቅቡ ከተላጠ በኋላም መልሶ የሚቀባው የለም።

ማከፋፈያውን አስገጥሙት

ምጣድ የሚስበው 3,500 ዋት ለ220 ቮልት ቢካፈል 16 አምፔር ገደማ ይመጣል። ይሄ ብዙ ነው። የተለመደው እስፒና የመጨረሻ አቅሙ ነው። ስለዚህ ምጣድ በማከፋፈያ አይሰካም። ከቆጣሪው የራሱ መስመርና የራሱ ብሬከር ይኑረው። ገመዱም ውፍረቱ ቢያንስ ባለ 2.5 ሚሊ ሜትር ካሬ፣ ከተቻለ ባለ 4 ይሁን።

ለቴሌቪዥን፣ ለስልክና ለመብራት ግን ማከፋፈያ ያስፈልጋል። በየሱቁ የተሰቀለውን ነጭ ማከፋፈያ ስገዛ ኪሴ ውስጥ ማግኔት አለ። ከአሮጌ ስፒከር ያወጣሁት ነው። የእስፒናውን ሹሎች አስነካዋለሁ። ናስ ማግኔት አይስብም። ከሳበ ውስጡ ብረት ነው፣ ከላይ ናስ የመሰለ ነገር ተቀብቶ። ብረት መብራት ሲያልፍበት ከናስ የበለጠ ይግላል። ይዝጋልም። እኛ ከተማ ሐይቅ ዳር ለሚኖር ሰው ዝገቱ ሩቅ አይደለም።

ገመዱስ? ላዩ ላይ «3 በ 2.5» ይላል፤ ሦስት ፍሬ፣ እያንዳንዱ ባለ 2.5 ማለት ነው። ጫፉን በቢላ ላጡት። ፀጉር የመሰሉ ሽቦዎች ታገኛላችሁ። ከነሱ አንዱን በቢላ ጫፍ ፋቁት። ከመዳቡ ሥር ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ መዳብ የተቀባ። ክብሪት አስጠጉት። ቀጭን መዳብ ይቀላና ይቆያል፤ አሉሚኒየሙ ይቀልጣል። ሲያጥፉትም ቶሎ ይሰበራል። ባለ ሱቁ ጫፉን ለመላጥ ካልፈቀደ አንድ ሜትር ገዝታችሁ ቤት ሞክሩት።

የእኔ ምክር ግን ከዚህ ይቀላል። አስገጥሙት። ሦስት ሜትር የሀገር ውስጥ ገመድ ባለ ሦስት ፍሬ፣ አንድ ጠንካራ እስፒና፣ ሁለት ወይም ሦስት የግድግዳ ሶኬት፣ እነሱን የሚይዝ ሳጥን። ካቻቢቴና ፒንሳ ያለው ሰው በግማሽ ሰዓት ይጨርሰዋል። ኬብል የሚያመርቱ ፋብሪካዎች በሀገራችን አሉ። ስትገዙ ልባሱ ላይ የፋብሪካው ስምና ውፍረቱ በየሜትሩ መታተሙን እዩ። ስም የሌለው ገመድ ባለቤትም የለውም። እንዲህ የተሠራ ማከፋፈያ ከተሰቀለው ይወደዳል፤ አዎ። ግን አንዱ ሶኬት ቢላላ እሱን ብቻ ፈትታችሁ ትቀይራላችሁ። እኔ ሱቅ ውስጥ ያለው ከተገጠመ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። መበየጃዬ፣ ቬንትሌተሬ፣ ሁሉም በሱ ነው የሚሠራው። ሁለት ጊዜ ሶኬት ቀይሬበታለሁ።

ከውጭ የመጣውን መግዛት ግድ ሲሆን

ሁሉን ነገር እዚህ አንሠራም። ፓወር ባንክ፣ አምፖል፣ ቻርጀር በብዛት ከውጭ ነው። የእጅ ስልክ ደግሞ መሀል ላይ ነው። ለምሳሌ ቴክኖ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ይገጣጠማል፤ የውስጥ ዕቃው ግን ከውጭ ይመጣል። እኔ ስልክ ስመርጥ የማየው ስክሪኑና ባትሪው እዚህ ከተማ መገኘቱን ነው። አንድ ጠጋኝ ጋ ገብታችሁ «የዚህ ስክሪን አለህ?» በሉት። «ከአዲስ አበባ ይመጣል» ካለ 275 ኪሎ ሜትር ትጠብቃላችሁ። «የለም፣ አይገኝም» ካለ ሌላ ስልክ ምረጡ።

ፓወር ባንክ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ውሸት ነው። በቀላሉ ትይዙታላችሁ። ውስጡ ያለው አውራ ጣት የሚመስል ክብ ባትሪ አንዱ 45 ግራም ገደማ ይመዝናል። ምርጡ የሚባለው 3,500 ሚሊ አምፔር ሰዓት አካባቢ ነው የሚይዘው። ስለዚህ ላዩ ላይ 20,000 ተጽፎ ከሆነ እዚያ ለመድረስ ቢያንስ ስድስት ያስፈልጋል። ባትሪው ብቻ 270 ግራም ማለት ነው። ጎረቤት በርበሬ የምትመዝን ካለች ሚዛኗ ላይ አስቀምጡት። 120 ግራም ከሆነ ዋሽቷል። ክብደቱ ልክ ቢሆንም ወዲያው አትመኑ። አንድ ቀን የከፈትኩት ፓወር ባንክ ውስጥ ሁለት ባትሪና አንድ ከረጢት አሸዋ ነበር። አሸዋው ለሚዛን ተብሎ የገባ ነው። ጆሯችሁ ጋ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ነጠላ ባትሪ ላይ «9,900» ተጽፎ ካያችሁ ደግሞ ምንም መመዘን አያስፈልግም፤ እንደዚያ የሚይዝ የዚያ መጠን ባትሪ የለም።

አምፖል ከሆነ አብሩት፣ የስልካችሁን ካሜራ ወደሱ አዙሩ። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች የሚሮጡ ከሆነ ውስጡ በጣም ርካሽ ነው፤ ለሚያጠና ልጅ ዓይን አልመክርም። ስትገዙ ባለ ሱቁ ቀኑን አምፖሉ አንገት ላይ በማርከር ይጻፍላችሁ። የማይጽፍ ከሆነ ስንት ቀን እንደሚቆይ እሱም ያውቀዋል።

ቻርጀር ላይ የምለው አጭር ነው። ከስልኩ ጋር የመጣውን ጠብቁ። ሲጠፋ ላባ የሚያህል ቀላል የሆነውን አትግዙ። ውስጡ 220ውን ከስልካችሁ የሚለየው ክፍል ተቀንሶ ሊሆን ይችላል። እየሞላ ስልኩን ስትነኩት ጣታችሁን ውርር ካደረጋችሁ ያን ቻርጀር ንቀሉት።

የሚሞላ የእጅ ባትሪ ደግሞ ሦስት ነገር ይኑረው። ብሎን ይኑረው። ውስጡ ያለው ክብ ባትሪ ወጥቶ የሚቀየር ይሁን። የሚሞላውም በዩኤስቢ ይሁን። በዩኤስቢ የሚሞላ ባትሪ ውስጥ የሚገባው 5 ቮልት ብቻ ስለሆነ፣ ቻርጀሩ ደህና እስከሆነ ድረስ የግድግዳው መብራት እጃችሁ ጋ አይደርስም። ዋጋው ከቀዩ ይበልጣል። አንዴ ግዙት።

ደረሰኝ

ብዙ ሱቅ ውስጥ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ታያላችሁ። ሕጉ እንደዚያ አይልም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል። ደረሰኙ ላይ «የኤሌክትሪክ ዕቃ» ተብሎ በደፈናው አይጻፍ። የዕቃው ስም፣ ሞዴሉ፣ ቀኑ ይጻፍ። እኔም አንድ ጊዜ ከአንድ ሱቅ ስታብላይዘር ገዝቼ በአምስተኛው ቀን ጨሰ። ደረሰኝ አልተቀበልኩም ነበር። ባለ ሱቁ «ከእኔ አልገዛህም» አለኝ፣ ዓይኔን እያየ። ክርክሩ እዚያ አበቃ። ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ሳልይዝ ከሱቅ አልወጣም። ምጣድ ሠሪም ጋ ቢሆን ማኅተም ያለበት ወረቀት አጽፉ። ለነሱም ጥሩ ነው።

የተገዛው 15 ቀን እስኪሞላው በደንብ ተጠቀሙበት። ለበዓል ይሆናል ብላችሁ ካርቶን ውስጥ አታቆዩት። ጉድለት ካለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ይታወቅ።

መብራት ሲሄድ ደግሞ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ንቀሉ። ሲመጣም አትቸኩሉ። አምስት ደቂቃ ጠብቃችሁ ስኩ። ሲመጣ አንዳንዴ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚመጣው። ከዝናብ ማግስት እኔ ጋ የሚመጣው የተቃጠለ ዕቃ ከዚያ ነው።

ፌስታሉን ይዘው የመጡትን እናት ረስቻቸው አይደለም። አራቱም ባትሪዎች አልዳኑም። ለቆራሌው ላሳየው ብዬ አስቀመጥኩለት። ፕላስቲኩን አገላብጦ «ይሄ ለምኔ?» አለኝና ውስጥ ያሉትን የእርሳስ ባትሪዎች ብቻ ወሰደ። እርሳስ መርዝ ነው። ልጆች ቀጥቅጠው እንዳይጫወቱበት እኔ ጋ ለይቼ በክዳን አስቀምጣለሁ። እናንተም እንደዚያ አድርጉ፣ ከቆሻሻ ጋር አትቀላቅሉት።

ለእሳቸው ብሎን ያላት፣ በዩኤስቢ የምትሞላ አንዲት ባትሪ መረጥንላቸው። ቀኑን ጎኗ ላይ በማርከር ጻፍኩ። መቼ እንደምትሞላም ተነጋገርን። «በየወሩ በ21፣ የማርያም ዕለት ቡና ሳፈላ እሰካታለሁ» አሉኝ። ባለፈው ሐሙስ ከገበያ ሲመለሱ ጎራ አሉ። ባትሪዋ ትሠራለች። የመጡት ልጃቸው የገዛውን አዲስ ማከፋፈያ ይዘው ነው። «ማግኔትህን አምጣው እስኪ» አሉኝ።